ቱቶር ልሁን ወይ?

ታምፔሬ፣ ፊንላንድ። ጊዜው መጋቢት ነው፤ መንገድ ዳር የተከመረው በረዶ ጠቆረ እንጂ አልቀለጠም። በዚህ ሰሞን ዩኒቨርሲቲዎች ለመጪው ነሐሴ ቱቶር ይመለምላሉ፤ አዲስ ገቢዎችንና የልውውጥ ተማሪዎችን ተቀብሎ የሚያለማምድ ነባር ተማሪ ማለት ነው። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ኢትዮጵያውያን የማስተርስ ተማሪዎች ናቸው። እሷ በቱቶርነት ሠርታለች፤ እሱ የመጣው ባለፈው ነሐሴ ነው። ሁዳዴ ስለሆነ ሁለቱም ከተማሪ ካፌው የቬጋን መስመር የምስር ሾርባና ደረቅ የአጃ ዳቦ አንስተው ተቀምጠዋል።

አዲሱ፦ ፎርሙን ከፍቼው ነበር። «ቱቶር መሆን የፈለግኸው ለምንድን ነው?» ይላል። አንድ መስመር ጻፍኩና ተውኩት።

ነባሯ፦ ምን ብለህ ጻፍክ?

አዲሱ፦ «ሰው መርዳት ስለምወድ።»

ነባሯ፦ ሁሉም እሱን ነው የሚጽፈው። አመልካቾች ሲጠየቁ አብሬ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ሦስተኛው ሰው ላይ ስትደርስ ጆሮህ ይደነቁራል።

አዲሱ፦ ታዲያ ምን ልበል? እውነቴን እኮ ነው። ደግሞ ውጤቴ ጥሩ ነው፤ እንግሊዝኛዬም አያሳፍርም።

ነባሯ፦ ውጤትህን ተወው፣ ማንም አይጠይቅህም። ይልቅ የመጀመሪያውን ሳምንት አስበው። ግራ የገባህ ምን ነበር?

አዲሱ፦ ያልገባኝን ከምቆጥር የገባኝን ብቆጥር ይቀለኛል። ቁልፍ ተቀብዬ ክፍሌ ስገባ አምፖል የለም። ኮርኒሱ ላይ ሽቦ ብቻ ተንጠልጥሏል። ተሰርቆ መስሎኝ ነበር።

ነባሯ፦ እዚህ አምፖሉን ይዞ የሚመጣው ተከራዩ ነው። ፍራሹንም፣ መጋረጃውንም። ቀጥል።

አዲሱ፦ ልብስ ማጠቢያው ደግሞ አለልሽ። ምድር ቤት ወርጄ ማሽኑ ውስጥ ልብሴን ከትቼ ወጣሁ። ስመለስ እርጥቡን አውጥተው ማሽኑ ላይ ደርድረውታል፤ ከላዩ በፊንላንድኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ሰዓት አስቀድሞ መያዝ እንዳለብኝ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ባንኩን ተይው። አካውንት ለመክፈት የመኖሪያ ፈቃድ ካርድና የአገሩን መታወቂያ ቁጥር አምጣ ተባልኩ፤ ቀጠሮው ራሱ ሳምንታት ፈጀ። የባንክ ኮድ ከሌለሽ ደግሞ ኦንላይን ላይ ማን መሆንሽን ማስረዳት አትችዪም፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ለመያዝ እንኳ እሱኑ ይጠይቁሻል።

ነባሯ፦ የጤናውን ክፍያስ በጊዜ ከፈልክ?

አዲሱ፦ እሱን አታንሺብኝ። ቢል ይላካል ብዬ ስጠብቅ ቀኑ አለፈ።

ነባሯ፦ አይልኩም። ኬላ የሚባለው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በየሴሚስተሩ ራስህ ገብተህ ነው የምትከፍለው። በል እንግዲህ፣ አሁን የነገርከኝን ጻፍ። አምፖሉን፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ ባንኩን፣ ኬላን።

አዲሱ፦ ይኼ ምን ብቃት ነው? ይልቅ ምን ያህል እንደተደናበርኩ የሚያሳይ ነው።

ነባሯ፦ ብቃቱ እሱ ነው እኮ። ሁሉም ነገር የሆነ ገጽ ላይ ተጽፏል። ችግሩ አዲስ ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ አያውቅም። አስተማሪዎቹ ሃያ ዓመት የኖሩበት ግቢ ነው፤ ምኑ ለሰው ግር እንደሚል ጨርሶ አይታያቸውም። እኔም ራሴ እየረሳሁ ነው። ባለፈው አንዷ «ሲሱ ላይ ለኮርሱ ተመዝግቤያለሁ፣ ግን ክፍሉ የት እንደሆነ አላውቅም» ስትለኝ ተናደድኩ። ሲሱ ያው የኮርስ መመዝገቢያው ነው፤ ኮርሱን ከያዝክ በኋላ የመማሪያ ቡድኑን ለብቻ መምረጥ አለብህ። ያኔ እኔም አላውቅም ነበር። እንደተናደድኩ ሳውቅ ዘንድሮ እንደማላመለክት ወሰንኩ። ነሐሴን ገና ያልረሳ ሰው ይሻላል።

አዲሱ፦ ስለዚህ ተረኛው እኔ ነኝ?

ነባሯ፦ ገና ነው። የአንተ ቱቶር ማን ነበር?

አዲሱ፦ ፊንላንዳዊ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ዋትስአፕ ግሩፕ ከፈተ፤ «ማንኛውም ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ» አለን። በመጀመሪያው ቀን ግቢውን አዞረን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ካፌውን አሳየን፣ በቃ።

ነባሯ፦ ጻፍክለት?

አዲሱ፦ አንድም ቀን።

ነባሯ፦ ያ ሁሉ ጥያቄ እያለህ?

አዲሱ፦ ሰው ሥራ አለው፣ ትምህርት አለው። ስለ አምፖል ብዬ ላስቸግረው? ደግሞ ግሩፑ ላይ ብጽፍ ሃያ ሰው ያየኛል።

ነባሯ፦ እሱ ደግሞ ዝም ስትል ሁሉ የተሟላልህ መስሎታል። እዚህ አገር ሰው ካልጠራህ አትሄድበትም፣ አክብሮት ነው። ትራም ውስጥ ጎንህ ክፍት ወንበር እያለ ቆሞ የሚሄደው ጠልቶህ አይደለም። አንተን ይሉኝታ ያዘህ፣ እሱን ጨዋነት ያዘው። ሁለታችሁም ስትከባበሩ መስከረም አለቀ።

አዲሱ፦ እውነትሽን ነው። ልጁን አሁንም መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይለኛል።

ነባሯ፦ እኔ ከዚህ ሥራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይኼ ነው፦ ቱቶር የሚያስፈልገው ላልተጠየቀው ጥያቄ ነው። የሚጠይቅ ሰው ቱቶር ባይኖረውም ይወጣዋል። ከስፔን ወይም ከጣሊያን የመጡት፣ እኔ ግሩፕ የደረሱት ማለቴ ነው፣ ገና ከአገራቸው ሳይነሱ ሻንጣቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ይጠይቁሃል። እነሱን አትፍራላቸው። ዝም ያለውን ነው የምትፈልገው።

አዲሱ፦ ዝም ያለውን እንዴት ነው የምታገኚው? «ችግር አለ?» ስትዪው «ኧረ ምንም የለም» ነው የሚልሽ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው።

ነባሯ፦ ታዲያ «ችግር አለ?» ብለህ አትጠይቅ! ይኼ እኮ መልሱን አብሮ የሚሰጥ ጥያቄ ነው። «የኬላውን ከፈልክ? ስልክህን አውጣና አሳየኝ» በል። «ትናንት ምሳ የት በላህ?» በል። ምሳ የት እንደበላ ከነገረህ የቀረውን ራስህ ትደርስበታለህ። አንድ የእኛ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ከሱፐርማርኬት ዳቦና ሙዝ እየገዛ ክፍሉ ገብቶ ይበላ ነበር። የተማሪ ካፌውን በር ላይ ሆኖ አይቶ ተመልሷል፤ ምን እንደሚነሳ፣ የት እንደሚከፈል አላወቀም። ጾመኛም ነው። ይኼ ምሳ በተማሪ መታወቂያ ሦስት ዩሮ ገደማ እንደሆነ፣ ከፊሉን መንግሥት እንደሚደጉመው፣ በየቀኑ ያለ ሥጋና ያለ ወተት የተሠራ ምግብ እንደማይጠፋ የነገረው የለም። አብሬው ትሪ ይዤ ተሰለፍኩ። ሌላ ምንም አላደረግኩም።

አዲሱ፦ ትምህርቱንስ? እኔ የመሰለኝ ቱቶር ሲባል ማስጠናት ነው። ግቢ እያለሁ ካልኩለስ ቱቶሪያል እሰጥ ነበር።

ነባሯ፦ የእዚህኛው ቱቶር አያስጠናም። ግን እሱንም ቢሆን በብልሃት የሠሩት አሉ። አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ ሲቲ ባለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በ1973 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ዘዴ አለ፤ ዲያና ማርቲን የምትባል ሴት ነች የነደፈችው። ደካማ ተማሪ መርጠው «ና እናስጠናህ» አላሉም። ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ኮርስ መረጡ። ኮርሱን ቀደም ብሎ ያለፈ ተማሪ ከአዲሶቹ ጋር እንደገና ክፍል ገብቶ ይማራል፣ ከዚያ ከሰዓት ውጭ ውይይት ይመራል፤ የፈለገ ሁሉ ይመጣል። የሰነፎች ክፍል የሚባል የለም። ጎበዙም ይመጣል፣ የተቸገረውም ከጎበዙ መሀል ይገባል። ዘዴው ኋላ ብዙ አገር ገብቷል።

አዲሱ፦ እኛ ግቢ የነበረው ቱቶሪያል «ነጥባችሁ ዝቅ ያለ» ተብሎ ስም ተለጥፎ ነበር። ስሙ የተለጠፈው ነው ያልመጣው።

ነባሯ፦ ማን ይመጣል! እዚህም አዲሶቹን የሚያስደነግጣቸው ፈተና ነው። እኛ አገር «ኤፍ» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ቀጥሎ ዋርኒንግ፣ ቀጥሎ ዲስሚሳል። ከዚያ የመጣ ሰው እዚህ አንድ ፈተና ወድቆ ማታውኑ ሻንጣውን ያያል። ለማንም አይናገርም። እዚህ ደግሞ ውጤት ከ0 እስከ 5 ነው፤ ዜሮ ካገኘህ በሌላ ቀን ትፈተናለህ። አልፈህ እንኳ ውጤትህን ለማሻሻል ድጋሚ መቀመጥ ትችላለህ። ፊንላንዳዊ ጓደኛህ «ወደቅኩ፣ በጥር እደግመዋለሁ» ሲልህ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ነው የሚመስልህ። ይኼን ከፈተናው በፊት ንገራቸው። ከወደቁ በኋላ ብትነግራቸው ልታጽናናቸው የምትዋሽ ይመስላቸዋል።

አዲሱ፦ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ።

ነባሯ፦ ጀምር።

አዲሱ፦ ይኼ ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ሥራ ነው። ከአውሮፓ ውጭ የመጣን ሰዎች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍያ ተጥሎብናል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ መኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት በወር 800 ዩሮ እንዳለን ማሳየት አለብን። ገንዘቡንም እኔ ከፍዬ፣ ተቀባዩም እኔ ሆኜ? ቢሮ ውስጥ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ምን ሊሠራ ነው?

ነባሯ፦ ግማሹ ልክ ነው። ክፍያው እንደየቦታው ይለያያል፤ አንዱ ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፣ አንዱ ክሬዲት፣ አንዱ ሰርተፊኬትና አንድ ራት። በሰዓት ብታሰላው ጽዳት ይሻልሃል። በዚህ አላባብልህም። የእኔን ምክር ከፈለግህ ቢሮ የሚሠራውን አትሥራ። መኖሪያ ፈቃድ ጠየቀህ? «እዚህ አድራሻ ጻፍ» በል፣ አብረኸው ጻፍ፣ ግን መልሱን ከራስህ አትስጠው። ያንተ ስሕተት እሱን ከአገር ታስወጣዋለች። ግን ቅዳሜ ማታ ሔልሲንኪ አየር ማረፊያ ያረፈ ልጅ አለ እንበል። የቤት ቁልፍ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተዘግቷል። ዓርብ ሳይዘጋ የልጁን ውክልና አሳይተህ ቁልፉን የምትወስድለት፣ ከዚያ ባቡር ጣቢያ ሄደህ የምትቀበለው ማን ነው? ደመወዝተኛው? እንዲያደርገው ብትታገል ደስ ይለኛል፤ የተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሳና ተናገር። እስከዚያ ግን ልጁ ጣቢያው ላይ ነው ያለው።

አዲሱ፦ ሔርቫንታ ድረስ በትራም ልወስደው ነው?

ነባሯ፦ በትራም ትወስደዋለህ። ብርድ ልብስና ድስት ከተማሪዎች ማኅበሩ በኪራይ የሚገኝ ከሆነ እሱንም ቀድመህ ያዝለት፤ እንዲህ ያለ የጀማሪ ዕቃ የሚያከራይ ማኅበር ብዙ ነው። አምፖልም ግዛ።

አዲሱ፦ እኛ አገርማ ይኼ ሁሉ ያለ ቱቶር ነው የሚሠራው። ፍሬሽ ሆኜ ስሄድ መናኸሪያው ላይ ነባር ተማሪዎች ባነር ይዘው ጠበቁን። ሻንጣዬን ተሸክመው ዶርም አደረሱኝ። ፎርም የሞላ የለ፣ ኢንተርቪው የለ።

ነባሯ፦ እነማን ነበሩ?

አዲሱ፦ የግቢ ጉባኤ ልጆች።

ነባሯ፦ ፕሮቴስታንቶቹን ማን ተቀበላቸው?

አዲሱ፦ ፌሎሺፑ ነዋ። ሙስሊሞቹን ጀመዓው።

ነባሯ፦ የማንም ያልሆነውንስ?

አዲሱ፦ የአገሩ ልጅ ይኖራላ።

ነባሯ፦ ከሌለስ?

አዲሱ፦ ... እሱን አላሰብኩትም።

ነባሯ፦ እንዳትሳሳት፣ እያቃለልኩ አይደለም። እኔ አንደኛ ዓመት ሒሳብን ያለፍኩት የግቢ ጉባኤ ልጆች ማታ ማታ በሰጡኝ ቱቶሪያል ነው፤ ገንዘብ ሳይቀበሉ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን። የትም አገር ይኼን ያህል የሚደክም ቱቶር አላየሁም። ግን በሩ የተከፈተልኝ የቤቱ ልጅ ስለሆንኩ ነው። እዚህ የሚሰጥህ የስም ዝርዝር ነው። ግማሹን ስም እንዴት እንደምትጠራው አታውቅም። አንዱ ከኮሪያ፣ አንዷ ከፖላንድ፣ አንዱ ከባንግላዴሽ። ምንህም አይደሉም። የምትቀበላቸው ዝርዝሩ ላይ ስላሉ ብቻ ነው።

አዲሱ፦ ዝርዝርማ እኛም ነበረን። አንድ ለአምስት!

ነባሯ፦ ኧረ ተወኝ! ያኛው ዝርዝር ለሪፖርት ነበር። ጎበዙን መሪ አድርገው አምስት ሰው ሰጡት፤ በወረቀት ላይ መረዳዳት ነው፣ ሰዉ ግን ማን ማንን ይመዘግባል እያለ ይተያይ ነበር። አብሮ ማጥናትን የመሰለ ደግ ነገር እንዲያ ስሙን አጠፉት።

አዲሱ፦ የጎንደሩን ግን ልክ ነው ትያለሽ። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው ረብሻ ተነስቶ ተማሪው ሻንጣውን እየያዘ ወደ ቤቱ ይሸሽ አልነበር? በዚያ ዘመን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚል ነገር ጀመረ። ከሌላ ቦታ ለመጣ ተማሪ የከተማ ቤተሰብ ያገናኙታል። ጓደኛዬ ከአሶሳ ነበር የተመደበው፤ በበዓል የሚጠሩት፣ ሲያመው አጥሚት የሚልኩለት ሰዎች አገኘ። ሴትየዋ አሁንም ትደውልለታለች። ሚስት አላገባህም ወይ እያለች ታስጨንቀዋለች።

ነባሯ፦ እኔ የምለው እሱን ነው! ለማያውቁት ልጅ፣ ያውም ሰው በዘሩ በሚፈራራበት ሰሞን፣ በራቸውን ከፈቱ። አየህ፣ «ኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባይ ነን» ስንል እንግዳው በር ላይ መጥቶ ነው የምናስበው። ከመጣማ ማን ያባርረዋል! እንግዳ ተመድቦልህ፣ አንተ ሄደህ በሩን ስታንኳኳ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ልምምድ ይጠይቃል።

አዲሱ፦ ፈረንጁም ቢሆን በእኛ ግቢ ያን ያህል አልነበረም፤ የምንለምደው በማን ነው?

ነባሯ፦ ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ እንግዳ? በ1958 እ.ኤ.አ. አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሰጥተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከሌላም አገር ልጆች መጥተው ነበር። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ አዲስ አበባ ነው የተማረው። እነዚያ ልጆች ስለ ፖለቲካ በግልጽ ይከራከሩ ነበር፤ የእኛዎቹም ከእነሱ ጋር ሲኖሩ ብዙ ነገር ተማሩ፤ የተማሪውን ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ሰዎች ያነሱታል። አስተናጋጁ ነው የተለወጠው። የልውውጥ ተማሪ ሲመጣ ይኼንንም አስብ፤ አንተ ብቻ አይደለህም ሰጪው።

አዲሱ፦ የልውውጥ ተማሪውንና እንደ እኔ ዲግሪ ሊማር የመጣውን አንድ ግሩፕ ነው የሚያደርጓቸው?

ነባሯ፦ ብዙ ጊዜ ይቀላቅሏቸዋል፣ እኔ አልወደውም። ሰዎቹ የሚፈልጉት አይገናኝም። የልውውጡ ልጅ አራት አምስት ወር ነው ያለው። ኢራስመስ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ሲያመላልሳቸው ኖሯል፤ የተለመደ መንገድ ነው። የሚጨነቀው እዚህ የወሰደው ኮርስ አገሩ ይያዝለት እንደሆነ ነው፤ ኮርስ በቀየረ ቁጥር የስምምነት ወረቀቱን አስተካክሎ በሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ማስፈረም አለበት፣ እሱን አስታውሰው። ሌላው ሐሳቡ ላፕላንድ ሄዶ የሰሜን ብርሃን ማየት ነው። አንተ ደግሞ ሁለት ዓመት አለህ፣ ክፍያ አለህ፣ ቤተሰብ ይጠብቅሃል። እሱ «ዓርብ የት እንውጣ?» ሲል አንተ የጽዳት ሥራ ትፈልጋለህ። አንድ ግሩፕ ላይ ስታስቀምጣቸው የዲግሪው ልጅ ነው ዝም የሚለው።

አዲሱ፦ መውጣቱም ራሱ... ያ የመጀመሪያ ሳምንት ፕሮግራም ሁሉ ቢራ ነበር።

ነባሯ፦ እሱን አንተ ቀይረው። የፊንላንድ ተማሪ የራሱ ወግ አለው፤ ባጅ የተሰፋበት ቱታ ለብሰው ሲዘፍኑ አይተሃል። ሜይ 1 ላይ ደግሞ የቴክኖሎጂ ጀማሪዎቹን ቅርጫት ውስጥ አድርገው በክሬን ታመርኮስኪ ወንዝ ውስጥ ይነክሯቸዋል።

አዲሱ፦ እየቀለድሽ ነው?

ነባሯ፦ ቁም ነገሬን ነው፤ ጥምቀት ነው የሚሉት፤ ከተማው ሁሉ ድልድይ ላይ ወጥቶ ያያል። ሄደህ እየው፣ ግሩም ነው። ግን ግሩፕህ ውስጥ የማይጠጣ ሰው እንዳለ ማንም አይነግርህም። ስለዚህ አንዱ ቀን ቢራ ከሆነ አንዱን ቀን ሐይቅ ዳር አድርገው፣ አንዱን ቀን ሳውና። ሳውና ስል ግን ሴትና ወንድ ለየብቻ እንደሆነ፣ ፎጣ ማገልደም እንደሚቻልም አስቀድመህ ንገር። አለበለዚያ የእኛ ሰዎች በዚያ ቀን ሁሉም ራስ ምታት ይይዛቸዋል።

አዲሱ፦ የቱቶር ሥራ መቼ ነው የሚያልቀው?

ነባሯ፦ በወረቀት ጥቅምት አካባቢ። ይኼ ነው ዋናው ቅሬታዬ። ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት ነበር፤ ካናዳ ከፊንላንድ ስደተኞች የተወለደ። በ1954 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ለሴቶች ክበብ ባደረገው ንግግር ሰው ባዕድ አገር ሲገባ መጀመሪያ ሁሉ ነገር እንደሚያምርበት፣ ከዚያ እንደሚያስጠላው፣ ቀስ ብሎ እንደሚለምደው ተናገረ። ሁሉም ሰው እንዲህ በተራ አይሄድም፣ ኋላ ያጠኑትም ተከራክረውበታል። የእኔን ግሩፕ ሳየው ግን ሰውዬው ብዙም አልተሳሳተም። ነሐሴ ላይ ሰው አይከፋም። ፀሐይ አለ፣ ሁሉ አዲስ ነው። በኅዳር መጨረሻ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ ፈተና ይደራረባል፤ ይዘው የመጡት ገንዘብ ያልቃል። የምንሰናበታቸው ልክ ይኼ ሊጀምር ሲል ነው።

አዲሱ፦ አንቺ ምን አደረግሽ?

ነባሯ፦ ኅዳር ላይ ለእያንዳንዱ ለብቻው ጻፍኩ። ግሩፑ ላይ አይደለም። «ነገ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ እበላለሁ፣ አብረን?» ብቻ። አብዛኛው መጣ። አንዱ የልውውጥ ልጅ አልመለሰም። ሁለተኛም አልመለሰም። አብሮት የሚኖረውን ጠየቅኩ፤ ሌሊቱን ሲነቃ ቀኑን ይተኛል አለኝ። ሄጄ አንኳኳሁ። ከፈተ፤ ክፍሉ ውስጥ የፒዛ ካርቶን ተቆልሏል፣ መጋረጃው ተዘግቷል። ምክር አልሰጠሁትም፤ ሐኪም አይደለሁም። ለተማሪ ጤና አገልግሎቱ እንዲደውል ስልኩን ሰጠሁትና እስኪያነሱ አብሬው ጠበቅኩ። የመልሶ መደወያ ቁጥር እስኪመዘግቡለት ድረስ እዚያው ነበርኩ። ፎርሙ ላይ «ድንበር ማወቅ» የሚል ቃል ታገኛለህ፣ እሱ ማለት ይኼ ነው። የማትችለውን ለሚችለው ታደርሳለህ፤ መንገዱን ግን ብቻውን አትሰደውም።

አዲሱ፦ የእኛ ልጅ ገንዘብ ቢጠይቀኝስ? «ትንሽ አበድረኝ፣ ወር ሲመጣ» ካለኝ?

ነባሯ፦ ካለህ ስጠው፣ ከሌለህ የለኝም በለው። እሱ በአንተና በወንድምህ መሀል ነው፤ ከቱቶርነት ጋር አትቀላቅለው። «ያለፈውን ዓመት አሳይመንት ላክልኝ» ሲልህ ግን አትላክ። እኛ ግቢ ወርክሺት መቀባበል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰጡን፣ እኛም ሰጠን። እዚህ ጽሑፉ በማነጻጸሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ያልፋል፤ ከተያዘ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በግልጽ ንገረው፤ ሳይጠይቅህ።

አዲሱ፦ ፎርሙ ላይ ምርጫ አለ። ለአፍሪካ ተማሪዎች ግሩፕ ብዬ ልጻፍ? እነሱን በደንብ እረዳቸዋለሁ።

ነባሯ፦ የማታውቃቸውን ምረጥ።

አዲሱ፦ የእኛን ልጆችስ ማን ያያቸዋል?

ነባሯ፦ አንተ ነህ የምታያቸው፣ ፎርም ሞላህም አልሞላህም። አንድ ሀበሻ ታምፔሬ ገብቶ በሦስተኛው ቀን የማናውቀው ሰው ሆኖ ያውቃል? ያኛውን ግን፣ ከፖላንድ የመጣችውን፣ ከኮሪያ የመጣውን፣ ካልተመደብክለት አታገኘውም።

አዲሱ፦ አላሳመንሽኝም። ሀበሻውም አምፖል የሌለው ክፍል ውስጥ ነው የሚያድረው። እኔ ያደርኩት እንደዚያ ነው፤ ማንም አላወቀኝም።

ነባሯ፦ ... እሺ፣ ይኼንን ተቀብያለሁ። ሁለቱንም ጻፍና እነሱ ይወስኑ። ቀኑ ሳያልፍ ብቻ ላከው።

አዲሱ፦ ፋሲካን ግን እኔ ጋ ነው የምናከብረው። የግሩፕሽን ኮሪያዊ ይዘሽው ነይ፤ ፀደዩንም እዚሁ ነው አላልሽኝም?

ነባሯ፦ እዚሁ ነው። ዶሮ ወጥ ልትሠራ ነው?

አዲሱ፦ አዎ። በርበሬው ግን ይከብደው ይሆን?

ነባሯ፦ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ስልኩን ልላክልህ፣ ራስህ ጠይቀው።